ከአያትነት የአንድ ዓመት ፈቃድ

ሚሲዮናዊ ሲባል በእኛ አገር ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ሥዕል የታወቀ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ሐኪም ቤት ወይም ትምህርት ቤት የከፈተ፣ ደመወዙ ከአገሩ የሚላክለት፣ ላንድሮቨር የሚነዳ ፈረንጅ። ይህ ምዕራፍ የሚያወራላቸው ሰዎች ከዚህ ሥዕል ጋር ብዙም አይገጥሙም። ዕድሜያቸው በአብዛኛው ስልሳን ያለፈ ነው። ደመወዝ የላቸውም፤ ይባስ ብሎ የቤት ኪራዩን፣ አስቤዛውንና ኢንሹራንሱን የሚከፍሉት ከገዛ ጡረታቸው ነው። ብዙዎቹ የሚሄዱት ለስብከት አይደለም። ባልና ሚስት ሆነው፣ ቤታቸውን ቆልፈው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስመው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ወደ መደበችላቸው ቦታ ለአንድ ዓመት ያህል ይሄዳሉ።

ይህን ነገር በስፋትና በሥርዓት የያዘችው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በተለምዶ የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን የምትባለው። እ.ኤ.አ. በ1830 በኒውዮርክ ግዛት ተመሠረተች (በዚህ ምዕራፍ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ዋና መሥሪያ ቤቷ ዩታ ውስጥ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። በእምነት ትምህርት ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የሚለያት ብዙ ነው፤ ያ ክርክር ለሌላ መጽሐፍ ይቆየን። እዚህ ማወቅ የሚያስፈልገን በአጥቢያ ደረጃ ደመወዝተኛ ካህን የሌላት መሆኗን ነው። የአጥቢያውን ኃላፊ ኤጲስ ቆጶስ ይሉታል፤ ሰውየው ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ የጥርስ ሐኪም፣ ወይም አስተማሪ፣ ወይም የግንባታ ተቋራጭ ነው። እሑድ የሚሰብከው ምእመን፣ ሕፃናቱን የሚያስተምረው ምእመን፣ ወንበር የሚደረድረውም ምእመን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ልማድ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ «አሁንስ ምን ላግዝ?» ብሎ መጠየቁ አያስደንቅም።

ሚስት አብራ መሄዷ ግን ከጥንት የነበረ ነገር አይደለም። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባል ይላካል፣ ሚስት ትቀራለች። በ1839 የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎች የነበሩት ብሪገም ያንግና ሂበር ኪምቦል ለሚስዮን ወደ እንግሊዝ ሲነሡ ሁለቱም በወባ ይንቀጠቀጡ ነበር። የያንግ ሚስት ከወለደች ገና ሁለት ሳምንት አልሞላትም፤ የኪምቦል ሚስትም ታማ ተኝታ ነበር። ሰዎቹ ከተሳፈሩበት ጋሪ ላይ እንደምንም ተነሥተው፣ ቤተሰቡን ለማበርታት ጮክ ብለው ደስታቸውን እያሰሙ ተሰናበቱ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክ ይህን እንደ ጀግንነት ይተርከዋል፤ ጀግንነትም ነው። እኔ ግን ሳነበው ጋሪውን ተከትዬ አልሄድም፤ ከሴቶቹ ጋር በሩ ላይ እቀራለሁ።

ለዛሬዎቹ ጥንዶች ቅድመ አያት ምረጥ ብባል የምመርጠው ሉዊዛ ባርንስ ፕራትን ነው። ባሏ አዲሰን በ1843 ኢሊኖይ ውስጥ ካለችው ከናቩ ከተማ ተነሥቶ ወደ ፓስፊክ ደሴቶች ሲላክ፣ እሷ አራት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች። የከተማዋ ሞርሞኖች በጎረቤቶቻቸው ጥላቻ ተገፍተው በ1846 ሲሰደዱ እሷም ያለ ባል ሠረገላ አዘጋጅታ ተነሣች፤ ሜዳውንና ተራራውን አቋርጣ በ1848 ሶልት ሌክ ገባች። ባልና ሚስቱ የተገናኙት እዚያ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ። ብዙም ሳይቆይ አዲሰን እንደገና ተላከ። በዚህኛው ግን ሉዊዛ ቤት መጠበቁ በቃኝ አለች መሰለኝ፣ በ1850 ልጆቿን ይዛ ቱቡአይ በምትባለው ደሴት ደረሰች። እዚያ ሴቶችንና ሕፃናትን ስታስተምር፣ ልብስ መስፋት ስታሳይ ቆየች። ባልየው የሰበከውን ያህል እሷ በመኖሯ የተሠራ ሥራ ነበር።

ዛሬ ወደ ሚስዮን የሚላኩት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ወንዶቹ ከ2012 ወዲህ በ18 ዓመታቸው መሄድ ይችላሉ፤ አገልግሎታቸው ሁለት ዓመት ነው። ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ባጅ አድርገው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየመንገዱ የምናያቸው እነሱ ናቸው። በአብዛኛው ጠዋት 6:30 (በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል) ይነሣሉ፤ ከጓደኛ ተለይቶ ብቻውን የሚውል የለም፤ እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ለእናታቸው ስልክ የሚደውሉት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። የጡረተኞቹ ሕግ ከዚህ በጣም የላላ ነው። በየቤቱ በር እንዲያንኳኩ አይጠበቅባቸውም፣ ከቤተሰብ ጋር እንደ ልባቸው ይገናኛሉ፣ የመነሻ ሰዓት የሚቆጥርባቸው የለም። አይለያዩም የተባሉት ሁለት ጓደኛሞች ደግሞ ባልና ሚስቱ ራሳቸው ናቸው።

ሂደቱን ለማየት አንድ ጥንድ በሐሳብ እንውሰድ። አይዳሆ የሚኖሩ፣ እሳቸው የከተማው ውኃ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ የነበሩ፣ ባለቤታቸው ደግሞ ነርስ። ወደ ኤጲስ ቆጶሳቸው ሄደው ያመለክታሉ፤ ሐኪምና የጥርስ ሐኪም መርምሮ ይፈርምላቸዋል። የጊዜው ምርጫ 6፣ 12፣ 18 ወይም 23 ወር ነው። የት መሄድ፣ ምን መሥራት እንደሚፈልጉ መግለጽ ይችላሉ፤ የመጨረሻው ምደባ ግን ከሶልት ሌክ ይመጣል። ጥሪው በቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ስም የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ድሮ በፖስታ ይመጣ ነበር፤ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ግን ወጣቱም ሽማግሌውም ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ማንበብ ጀምሯል። ደስታውና ድንጋጤው እዚያችው ደብዳቤ ላይ ነው፤ ስኮትላንድን ተመኝቶ ፊሊፒንስ የደረሰው ብዙ ነው። ሥልጠናው አጭር ነው፤ ለወጣቶቹ ቋንቋ ሲጨመር ሳምንታት የሚፈጀው፣ ለጥንዶቹ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ያለ ቋንቋ የሚሄዱትም ለዚህ ነው። የሚናገርላቸው አንድ የሃያ ዓመት ሚሲዮናዊ አጠገባቸው ይቆማል።

በእኛ ቤት ዕድሜ ሲገፋ ለመንፈሳዊ ሕይወት የሚሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። ልጅ አሳድጎ፣ ድሮ፣ ቤት አውርሶ የጨረሰ ሰው ቆብ ይደፋል፤ ወደ ገዳም ይጠጋል ወይም በደጀ ሰላም ይኖራል። ባልና ሚስት ቢመነኩሱ በስምምነት ይለያያሉ፤ ያ መለያየት የምናኔው አንድ አካል ነው። የሞርሞኖቹ አስተሳሰብ በተቃራኒው ነው። ጋብቻ ለዘለዓለም የታሰረ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ወደ እርጅናው ትልቅ አገልግሎት ሁለቱን አንድ ላይ አስረው ይልካሉ። ከዓለም መሸሽ የሚባል ነገርም የለበትም፤ የሚሄዱት ወደ ቢሮ፣ ወደ መዝገብ ቤት፣ ወደ ጉድጓድ ቁፋሮ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ወጣት ሚሲዮናዊ ከዩናይትድ ስቴትስ ሲሄድ ቤተሰቡ በወር የተወሰነ ገንዘብ ያዋጣል፤ ለብዙ ዓመታት 400 ዶላር የነበረው በ2020 ወደ 500 ከፍ ብሏል። የተላከበት አገር ውድም ይሁን ርካሽ መዋጮው ያው ነው። ጡረተኞቹ ግን የሚኖሩበትን አገር ዋጋ ራሳቸው ይሸከማሉ። ለንደን የተመደበና ገጠር የተመደበ እኩል አያወጣም። ይህ ብዙ ሰው እያስቀረ ስላስቸገረ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2011 የኪራዩን ጣሪያ በወር 1,400 ዶላር ወሰነች፤ ከዚያ ያለፈውን እሷ ልትሸፍን። ምግቡ፣ መጓጓዣው፣ ሕክምናው ግን የእነሱ ነው። ሕክምናው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ዕድሜው 65 ለሞላ ሰው መንግሥት የሚሰጠው ሜዲኬር፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአገር ውጭ አይሠራም። ስለዚህ ለውጭ አገር የሚሆን ሌላ ኢንሹራንስ መግባት አለባቸው። አይዳሆ ያለው ቤት ግብር፣ መብራትና የሣር ማጨጃ ክፍያ ደግሞ አይቆምም። አንዳንዱ ቤቱን ያከራያል፣ አንዳንዱ መኪናውን ይሸጣል፣ አንዳንዱ ልጁን ያስገባበታል።

እንግዲህ ይህ አገልግሎት ከእምነት በተጨማሪ ጡረታ የሚባል ነገርን ይጠይቃል። አሜሪካዊው ከ62 ዓመቱ ጀምሮ የመንግሥት ጡረታ መቀበል ይችላል፤ ገንዘቡም ብዙ አገሮች ድረስ ይከተለዋል። በዚያ ላይ ሲሠራ ያጠራቀመው አለ። ከቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት ከግማሽ በላዩ የሚኖሩት ከአሜሪካ ውጭ ሆኖ ሳለ፣ ጡረተኛ ጥንዶቹ ግን በአብዛኛው አሜሪካውያን ናቸው። ይህን ድክመት መሸፋፈን አያስፈልግም፤ ጋናዊ ወይም ፊሊፒናዊ አያት ፈቃደኝነት አጥሮት አይደለም የቀረው። በእሱ ቤት ልጆቹን የሚያስተዳድረው እሱ ነው፣ ወይም እሱን የሚጦሩት ልጆቹ ናቸው፤ ለኪራይ የሚተርፍ ገንዘብ የለም።

ምን ይሠራሉ? ብዙ ሰው የሚገምተው የተራበ ማብላት ነው። በጣም የሚፈለጉበት ቦታ ግን ማንም ታሪክ የማይጽፍለት የሚስዮን ቢሮ ነው። በዓለም ላይ ከ400 በላይ ሚስዮኖች አሉ። አንዱን ሚስዮን የሚመሩት ለሦስት ዓመት የተመደቡ ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ በሥራቸው ብዙውን ጊዜ መቶና ከዚያ በላይ ወጣቶች አሉ። እነዚህ ወጣቶች የሚያድሩባቸው በየከተማው የተበተኑ ብዙ የኪራይ ቤቶች አሉ። የቤት ኪራይ ውል የፈረመ ልጅ ከመሃላቸው ማግኘት ያስቸግራል። የመብራት ክፍያ ያለፈበት፣ ቧንቧ የፈነዳበት፣ ቪዛው በሚቀጥለው ሳምንት የሚያልቅበት፣ ብስክሌት የተሰረቀበት፣ ጥርሱን ያመመው፣ አከራይ ውጡ ያለው፤ ይህ ሁሉ ወደ አንድ ስልክ ይደውላል። ስልኩን የሚያነሡት ያ የውኃ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሠሩት ሥራ ነው፤ አከራይ ሲቆጣ አይደነግጡም፣ ደረሰኝ ሳያዩ አይከፍሉም።

ነርሷ ደግሞ በሌላ ስልክ ትኩሳትና ተቅማጥ ያዳምጣሉ። ሆዱን የቆረጠው የ19 ዓመት ልጅ ምን እንደበላ ሲጠየቅ ሦስት ቀን የቆየ ሩዝ እንደሆነ ያምናል። በየጊዜው ጥንዶቹ ቤቶቹን ዞረው ይፈትሻሉ፤ ከምድጃው ጀርባ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ መጋረጃ ሥር፣ ከፍሪጁ ውስጥ። ሁለት ወንድ ልጆች ብቻቸውን የከረሙበትን ቤት ለማየት ልብ ያስፈልጋል። ፍተሻው ካለቀ በኋላ ከቦርሳ ውስጥ ኬክ ይወጣል። ወጣቶቹ ከቤተሰብ በራቁበት ሁለት ዓመት ውስጥ አያት የሚመስል ሰው የሚያገኙት በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው፤ የጡረተኞቹን ሥራ ከሪፖርት ለመለካት የሚያስቸግረውም እንዲህ ያለው ነገር ነው።

መዝገብ ቤት የሚመደቡት ጥንዶች ሥራ ከዚህ ሁሉ ጸጥ ያለ ነው። ሞርሞኖች ለሞቱ ዘመዶቻቸው በቤተ መቅደስ ሥርዓት ስለሚፈጽሙ የዘር ሐረግ መቁጠር ለእነሱ ሃይማኖታዊ ግዴታ ነው። በ1894 ለዚሁ የሚሆን ማኅበር አቋቋሙ፤ ከ1938 ጀምሮ ደግሞ የዓለምን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በማይክሮፊልም ማንሣት ያዙ። ፊልሞቹ ከሶልት ሌክ አቅራቢያ ባለ ተራራ ውስጥ፣ አለት ተፈልፍሎ በተሠራ ማከማቻ ተቀምጠዋል፤ ቁጥራቸው ወደ 2.4 ሚሊዮን ጥቅልል ይደርሳል። ይህን ሁሉ ወደ ዲጂታል የመገልበጡ ሥራ በ2021 ተጠናቀቀ። ገና ያልተነሣው ወረቀት ግን በየአገሩ መዝገብ ቤትና በየደብሩ ሣጥን አለ። ጥንዶቹ ካሜራ የተተከለበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ገጽ ይገልጣል፣ ሌላው ያነሣል። ጽሑፉን ማንበብ ባይችሉም ሥራው አይቆምም፤ የሚፈለገው ገጹ ሳይታጠፍ፣ ጥላ ሳያርፍበት፣ አንድም ሳይዘለል መነሣቱ ነው። ይህን ከጠዋት እስከ ማታ፣ ለወራት። ለወጣት የማይሰጥ ሥራ ነው፤ ወጣት ያብዳል። በጋብቻ አርባ ዓመት የቆዩ ሰዎች ግን ሳይነጋገሩ አብሮ መዋልን ያውቁበታል።

ናቩ የሚመደቡትስ? የሉዊዛ ፕራት ከተማ ዛሬ ታሪካዊ ቦታ ሆናለች። እዚያ ያሉት ጡረተኞች የ1840ዎቹን ልብስ ለብሰው ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ጡብ እንዴት እንደሚሠራ ሲያሳዩ፣ በፈረስ ጋሪ ጎብኚ ሲያንሸራሽሩ ይውላሉ። ማታ ላይ መድረክ ወጥተው የሚዘፍኑም አሉ። ከሁሉም ምደባ ደስታ ያለው ይህኛው ይመስለኛል፤ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የኖረ ሰው በስልሳ ስምንት ዓመቱ ቀሚስ ከለበሰች ሚስቱ ጋር ሲጨፍር ማየት የሚያሰለች አይሆንም።

የሰብአዊ እርዳታው ሥራ ግን ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነው። ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 27 ቀን 1985) የአሜሪካና የካናዳ ሞርሞኖች በአንድ ቀን ጾመው፣ ለምግብ ሊያወጡት የነበረውን ገንዘብ ለተራቡት ሰጡ። ምክንያቱ የእኛው የሰባ ሰባት ድርቅ ነበር። የተሰበሰበው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኒቱ እዚህ የራሷ መዋቅር ስላልነበራት ገንዘቡን በሌሎች አስተላለፈች፤ ከእነሱ መካከል የካቶሊክ እርዳታ ድርጅትና ቀይ መስቀል ነበሩ። በዚያው ዓመት መጋቢት ገደማ ኤም ራስል ባላርድና ግሌን ፔስ የተባሉ ሁለት መሪዎች የእርዳታውን አካሄድ ለማየት መጡ። ዛሬ በብዙ አገሮች የተዘረጋው የቤተ ክርስቲያኒቱ የእርዳታ ሥራ መነሻው ያ ጾም እንደሆነ ራሳቸው ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጡረተኛ ጥንዶች ወደ ኢትዮጵያም መጥተው አገልግለዋል።

እንዲህ ያለ ጥንድ ሥራው ጆንያ መሸከም አይደለም። የሚታመን የአገር ውስጥ ድርጅት ይፈልጋል፤ የውኃ ጉድጓዱ የት ይቆፈር፣ ፓምፑ ሲሰበር ማን ይጠግን፣ መለዋወጫው ከየት ይመጣል ብሎ ይጠይቃል፤ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ያያል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ሪፖርት ይልካል። አንድ ዓመት የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሩብ ከተማውን በመልመድ ያልቃል፤ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት በርክክብ። ማን ቃሉን እንደሚጠብቅና ማን እንደሚያስመስል ለይተው በሚያውቁበት ሰዓት አውሮፕላን ይሳፈራሉ። የሚተካው ጥንድ ፋይሉን ይወርሳል፣ ትዝብቱን ግን አይወርስም። ለቢሮና ለካሜራ ዓመቱ ይበቃል፤ ለልማት ሥራ ግን 12 ወር ያንሳል ባይ ነኝ፤ 18ና 23 ወር የሚመርጡት ቢበዙ ለተረጂውም ይሻል ነበር።

ቤት የቀረውስ? የቤተ ክርስቲያኒቱ ሐዋርያ የነበሩት ጄፍሪ ሆላንድ በ2011 ባደረጉት ንግግር ጥንዶች በሺዎች እንደሚፈለጉ ተናገሩ፤ የልጅ ልጆቻችንስ ለሚሉት ደግሞ፣ ቤት ቁጭ ብሎ በላያቸው ከማንዣበብ ይልቅ በማገልገል የበለጠ ትሠሩላቸዋላችሁ የሚል ተስፋ ሰጡ። ከመድረክ ላይ ሲነገር ያሳምናል። ሁለተኛ ልጇን የምትወልደው ሴት ልጅ ግን እናቷን የምትፈልገው በዚያው ሳምንት ነው። ደንቡም ይህን ስለሚያውቅ፣ ለከባድ የቤተሰብ ጉዳይ በራሳቸው ወጪ ለሰባት እስከ ዐሥር ቀን ደርሰው እንዲመለሱ ይፈቅዳል። ዐሥር ቀን ለአራስ ጥየቃ ምን ያህል እንደሚሆን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ገንፎው ሳያልቅ ነው።

ስለ ባልና ሚስቱ ስለራሳቸው ብዙ አይወራም። ሥራና ልጅ ሲያለያያቸው የኖሩ ሁለት ሰዎች በድንገት አንድ ጠባብ አፓርታማ፣ አንድ መኪናና አንድ ቢሮ ይካፈላሉ። ጓደኛ የለም፣ ዓሣ ማጥመጃ የለም፣ የሴቶች ጽዋ የለም። ባል ጮክ ብሎ ማሰብ ይወዳል፤ ሚስት ደግሞ ዝምታ። ቀድሞ በቀኑ ርዝመት ይሸፈን የነበረው ጠባይ ሁሉ ቁርስ ላይ ይወጣል። ለአንዳንዱ ይህ እንደ አዲስ ጫጉላ ነው፤ ለሌላው በዕድሜ ልኩ ያልጠየቀውን ጥያቄ መጠየቅ ነው። ያም ሆኖ የሚመለሱት ብዙዎቹ እንደገና ያመለክታሉ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የሄዱ ጥንዶችን ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ተመልሰው ሲመጡ የአካባቢያቸው መሪ ከአገልግሎት ያሰናብታቸዋል፤ ባጁ ከደረት ይወርዳል፤ እሑድ በአጥቢያቸው ቆመው የዓመቱን ነገር ይናገራሉ። በተዉት ቢሮ ግን ተተኪ ሁልጊዜ በሰዓቱ አይደርስም። እስከዚያው የኪራይ ውሎቹን ፋይል አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ይዞታል፤ አከራዩ ሲደውል ስልኩን ያነሣና፣ ሽማግሌው በእጅ ጽሑፋቸው ትተውለት የሄዱትን ወረቀት እያገላበጠ፣ «አንዴ ይጠብቁኝ» ይላል።